ዝናብ ሲመታው መብራት የሚያበራው ሞተሬና 27ቱ ምላሾች

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሐምሌ ውስጥ፣ ዓርብ ማታ፣ ጫማዬ ገና ሳይደርቅ። ከዚያ ወዲህ ስለዚሁ ጉዳይ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ በዝቷል። ክሩ፣ ከጥያቄዬ ሥር የተደረደረው ምላሽ ማለቴ ነው፣ ረጅም ነው፤ መሀል ላይ ጠብ አለበት፣ ስለ ፈረስም ይወራበታል። ስለዚህ የተባለውን በየቁጥሩ ልተርክላችሁ። የማይረባውን እዘላለሁ። የማልስማማበት ቦታ ላይም ዝም አልልም፤ ሞተሩ የኔ ነዋ።

መነሻው ጥያቄ

ሐሙስ ዕለት ከቡሬ ወደ ኮሶ በር እየሄድኩ ነበር። እንጅባራ ለምትሉት ያው ነው። ቲሊሊ ስደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። ልጠለል ወይስ ልሂድ እያልኩ ሳመነታ ከተማውን አለፍኩት። ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ዝናቡ ያዘኝ። የአዊን ዝናብ የሚያውቅ ይረዳኛል፤ ከላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ከጎንም ከሥርም ነው። መጀመሪያ የኤቢኤስ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ነገር፣ መብራት በራ። ትንሽ ቆይቶ ቢጫው፣ ቼክ ኢንጅን የምንለው፣ ብልጭ ብልጭ አለና በርቶ ቀረ። ሞተሩ ማሳል ጀመረ። ነዳጅ ስሰጠው ይንተባተባል፣ ከ40 በላይ ንቅንቅ አልል አለ። እንደምንም ገባሁ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣች። እኩለ ቀን ላይ ሳስነሳው ቼክ ኢንጅኑ ጠፍቷል፣ ኤቢኤሱም ትንሽ እንደሄድኩ ጠፋ። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፤ እንዲህ ሆኖ መነዳት ይችላል ወይ፣ ደግሞስ መብራቱ በራሱ ከጠፋ ችግሩም ጠፋ ማለት ነው ወይ። ሞተሩ 160 ሲሲ ነው፣ በኢንጀክሽን የሚሠራ፣ ማለትም ነዳጁን በኮምፒውተር ለክቶ የሚረጭ፤ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው የድሮው ካርቡራተር የለውም።

ምላሽ 1 ሰላምታ እንኳ የለውም። ቁልፉን አጥፍቼ እንዳበራውና መብራቱ ከጠፋ እንድረሳው መከረኝ። ይኼው ነው።

ምላሽ 2 በዚህ ተናደደ። መብራት የተሠራው እንዲታይ እንጂ እንዲጠፋ አይደለም ባይ ነው። ከዚያ ለጀማሪ የሚጠቅም ነገር አስቀመጠ፤ መጀመሪያ ቀለሙን እይ። ቀይ ከሆነ፣ የዘይትም ይሁን የሙቀት፣ ዳር ይዘህ ሞተሩን አጥፋ። ቢጫ ከሆነ ቀስ ብለህ መድረስ ትችላለህ፣ ግን ሳታስፈትሽ አትክረም። አረንጓዴና ሰማያዊ ማስጠንቀቂያ አይደሉም፤ አረንጓዴው ማርሽ ላይ አለመሆንህን፣ ሰማያዊው ረጅም መብራት ማብራትህን ነው የሚነግሩህ። ይኼን ሳነብ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ነድቼ ቀለሙ ትርጉም እንዳለው አላሰብኩም ነበር።

ምላሽ 3 የመሥሪያ ቤት ሞተር የሚነዳ ሰው ነው፣ የድሮ ያማሃ። የሱ ሞተር ላይ የሚበራ ነገር ስለሌለ የሚያሳስበው ነገርም እንደሌለ፣ እኛ በገንዘባችን ጭንቀት እንደገዛን እየሳቀ ጻፈ። ብዙ ላይክ አገኘ። ምላሽ 4 ግን አልሳቀም። የካርቡራተር ሞተርም ካንዴላው፣ ነዳጁን የሚለኩሰው፣ ሲረጥብ እንደሚያስል፣ ልዩነቱ ሳይናገር መቆሙ ብቻ እንደሆነ አስታወሰው። ሰውየውም ባለፈው ክረምት ደጋ ዳሞት ላይ ሲገፋ አምሽቶ እንደነበር አመነ። ይኼን ማመኑ ደስ አለኝ።

ምላሽ 5 ረጅም ነው፤ ጠቃሚም ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቴክኒክና ሙያ የሚያስተምር ሰው ነው የጻፈው። ኤቢኤሱንና ቼክ ኢንጅኑን ለያይቼ እንዳይ ነገረኝ፤ አብረው በሩ ማለት ምክንያታቸው አንድ ነው ማለት አይደለም። የኤቢኤሱ ነገር እንዲህ ነው። ጎማው እምብርት ላይ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። ከጎኑ የቆመ ሴንሰር ጥርሶቹን እየቆጠረ ጎማው በምን ፍጥነት እንደሚዞር ለኮምፒውተሩ ይነግራል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ውስጥ ጭቃ ከተወተፈ ወይም የሴንሰሩ ሶኬት ውሃ ካገኘው ቆጠራው ይሳሳታል። ሌላም አለ፤ የኋላ ጎማ ጭቃ ላይ ባዶውን ሲሽከረከርና የፊቱ ቆሞ ሲቀር ኮምፒውተሩ የሁለቱ ቁጥር አልገናኝ ይለዋል። ያኔም መብራቱን ያበራል። አጥፍተህ አብርተህ ትንሽ ስትነዳው ራሱን ፈትሾ ደህና ከሆነ ያጠፋዋል። ስለዚህ ምላሽ 1 ለኤቢኤሱ ብቻ ከሆነ ግማሽ እውነት ይዟል አለ። መምህር መሆኑ ያስታውቃል፣ ለሁሉም ማርክ ይሰጣል።

ፍሬኑ ግን ይሠራል። ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነው። ኤቢኤሱ ሥራ ሲያቆም ተራው ፍሬን እንዳለ ነው፤ የሚቀረው ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ነገር ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ኩርባው ውስጥ ሳትገባ አስቀድመህ ፍጥነት ቀንስ፣ የፊት ፍሬኑን በአንዴ ጨምድደህ አትያዝ።

ምላሽ 6 ከዚህ ተነስቶ ስለ ደምበጫ የገበያ ቀን አወራ። ከብት ያለፈበት አስፋልት፣ ላዩ ላይ ካፊያ። ኤቢኤስ ቢኖርም ባይኖርም እንደሚያንሸራትት የጉልበቱን ጠባሳ ፎቶ ለጥፎ አስረዳን። ፎቶው አያስፈልግም ነበር።

ምላሽ 7 የፍኖተ ሰላሙ መካኒክ ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ከዚህ በኋላ የጻፈላቸው ሁሉ አያ እያለ ነው። እሳቸው ስለ ኤቢኤስ ምንም አላሉም። የያዙት ሳሉን ነው። ሞተር በዝናብ ካሳለና ሲደርቅ ከተሻለው ኮረንቲው መንገድ ስቶ እየሄደ ነው አሉ። መጀመሪያ የካንዴላውን ጎማ ቆብ፣ ቀጥሎ ከቦቢናው፣ ለካንዴላው ኃይለኛውን ኮረንቲ ከሚሰጠው፣ የሚመጣውን ገመድ፣ ከዚያ ሶኬቶቹን። ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገርም ጨመሩ። ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውሃ የሚያፈስበት ትንሽ ቀዳዳ አለው፣ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ጎን ላይ። እሱ በጭቃ ከተደፈነ ውሃው እዚያው ይጠራቀምና ካንዴላው ኩሬ ውስጥ ቆሞ ይሠራል። በቀጭን ሽቦ ክፈተው አሉ።

መፈተሻቸውን ወደድኩት። ማታ፣ ጨለማ ቦታ፣ ሞተሩን አስነስተህ የካንዴላውን ገመድ ዙሪያ ውሃ ትንሽ ትንሽ ትረጫለህ። የተሰነጠቀ ካለ ሰማያዊ ብልጭታ ከገመዱ ወደ ብረቱ ሲዘል በዓይንህ ታየዋለህ። እጅህን ግን አርቅ፤ ያኛው ኮረንቲ ቀልድ አያውቅም። የኔ አልበለጨም። ስለዚህ ካንዴላውና ገመዱ ነፃ ወጡ።

8 እና 9 አያን የፀጉር ማድረቂያ ይቻላል ወይ ብለው ጠየቁ፣ ለብ ባለው ከሆነ ይቻላል፣ በጣም የሞቀው ግን ፕላስቲኩን ያቀልጣል ተባሉ።

ምላሽ 10 ሶኬቶቹን ቫዝሊን ቀብቼ እንድገላገል መከረ። ከዚህ ነው ነገሩ የከረረው። ምላሽ 11 ቫዝሊን ሙቀት ሲያገኘው እንደሚቀልጥና ሶኬቱ ውስጥ ያለውን የጎማ ማሸጊያ ሊያሳብጥ እንደሚችል፣ የሚሻለው የሲሊኮን ግሪስ እንደሆነ ጻፈ። ትክክል ነው፣ ግን አጻጻፉ ስድብ አለበት። ምላሽ 12 የኩሽኔታ ግሪስ ይበቃል አለና እሱም የድርሻውን አገኘ። ከዚያ አንዱ የጎጃም ቅቤስ ምን አጠፋ ብሎ ጠየቀ። ቀልድ መሆኑን ሦስት ሰው አልገባውም። ባይገርማችሁ ቫዝሊኑን የመከረው ልጅ አራት ክረምት እንደሠራለት ተናገረ፣ የሚያስተባብለው አልተገኘም። እኔ የሲሊኮኑን ገዛሁ። ትንሿ ቱቦ ለሁሉም ሶኬት በቅታ ተርፋለች።

ምላሽ 14 ላይ ክሩ ለጊዜው ረጋ አለ። የጻፈችው የጤና ባለሙያ ናት፣ ሞጣ አካባቢ ያሉ ቀበሌዎችን በሞተር የምትዞር። የሷ መብራት ቀዩ ነው፣ የዘይቱ። የሞላ ወንዝ ስትሻገር ውሃው ከሞተሩ በላይ ሆነና መሀል ላይ ጠፋባት። ገፍታ አወጣችው። ልታስነሳው ቁልፉን ስትከፍት ቀዩን አየችው። አላስነሳችውም። ጎንበስ ብላ የዘይት ማያ መስታወቱን ስታየው ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። በአይሱዙ ጭና ነው ወደ ከተማ የመለሰችው። ዘይቱ ሁለት ጊዜ ተቀየረ፣ ሞተሩ ተረፈ። ያን ቀን አስነስታው ቢሆን ኖሮ ይህን የምትጽፈው በእግሯ እየሄደች እንደሆነ አከለች።

ይህ ሁሉ ተነግሮ ሳለ ምላሽ 15 መጥቶ ዝናብ ላይ የሚበራ የዘይት መብራት ሁልጊዜ የሶኬት ጣጣ ስለሆነ ዝም ብላችሁ ንዱ አለ። አያ ዳግም የጻፉት እዚህ ላይ ነው፤ ምላሽ 16። ቁጣቸው በጨዋ ቃል ነው፣ ግን ቁጣ ነው። የዘይቱ መብራት ሊዋሽ እንደሚችል አልካዱም። በብዙ ሞተር ላይ የዘይቱም የዜሮ ማርሹም ማብሪያ አንድ ሽቦ ብቻ ነው ያለው፣ ያ ሽቦ ብረቱን ሲነካ መብራቱ ይበራል። ውሃና ጭቃም አንዳንዴ ያን ያደርጋሉ። ለዚህ ነው ማርሽ ላይ ሆነህ አረንጓዴው ደብዘዝ ብሎ የሚበራው። ነገር ግን የውሸት መስሎህ ብትነዳና እውነት ቢሆን ሞተሩን ትበላዋለህ፤ እውነት መስሎህ ብትቆምና ውሸት ቢሆን የምትከስረው አምስት ደቂቃ ነው። ቁም፣ አጥፋ፣ ዘይቱን እይ። ምላሽ 15 ጽሑፉን አጠፋው። ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው።

ምላሽ 17 የመምህሩ ነው፤ ጥያቄ ብቻ። ሞተሩ ከዝናቡ በፊት ላቫጆ ገብቶ ነበር ወይ?

ገብቶ ነበር። ረቡዕ ዕለት። ሳልጽፈው የቀረሁት የሚያገናኘው ነገር ስላልመሰለኝ ነው። ምላሽ 18 ላይ አመንኩ። አብሬም ሌላውን ተናዘዝኩ፤ ያሳጠብኩት ኮሶ በር ላይ የሚገዛው ሰው ሊያየው ስለነበር ነው።

ምነው ባልተናገርኩ። ምላሽ 19 ለካ የምትጠይቀው ችግሩን ለመፍታት ሳይሆን መብራቱን አጥፍተህ ሰው ለመሸወድ ነው ብሎ ወረደብኝ። እንዲህ ነው ዘንድሮ ሰው ሁሉ፣ አለ፣ ከዚያ ስለ ድለላና ስለ ሞተር ገበያ አንድ ገጽ። እኔም መለስኩለት፣ ዛሬ ሳየው የማልኮራበትን ነገር። አጥፍቼዋለሁ፣ ስለዚህ አልቆጠርኩትም። መልሱ ግን ጥያቄዬ ውስጥ ነበር፤ ሁለት መብራት አብርቶ እየሳለ የገባ ሞተር ለሰውየው አሳይቼዋለሁ። ምን የሚሸወድ ነገር ቀረ?

ምላሽ 20 ላቫጆ ያለው ሰው ነው። ሥራችንን ዝናብ ሲያበላሽ እኛ ነን የምንወቀሰው ብሎ ተቆጣ። መምህሩ አስረዳው። ዝናብ ከላይ ይወርዳል፣ ሶኬቶቹ ለዚያ ተሠርተዋል። የላቫጆው ውሃ ግን በግፊት ነው የሚመጣው፤ ከቅርብ ሲያዝ ማሸጊያውን አልፎ ይገባና መውጫ ያጣል። እዚያው ያድራል። በማግስቱ ዝናቡ ሲጨመርበት ሞልቶ የተገኘው ሶኬት ያስላል፤ ስሙ የሚጠፋው የዝናቡ ነው። ባለ ላቫጆው ዝም አለ ብለን ስንጠብቅ ተመልሶ ጥሩ ነገር ጻፈ። የሚጠይቀው ካለ ከመቀመጫው ሥር ያለውንና ዳሽቦርዱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ የውሃ መርጫ ጠመንጃውን ራቅ አድርጎ እንደሚያጥብ። የሚጠይቀው ግን የለም። ሁሉም አብለጭልጭልኝ ነው የሚለው።

21 እና 22 ፈረስ ናቸው። አንድ ሌላ የኮሶ በር ሰው በአገሩ ጥር ላይ የሚወጣውን የአገው ፈረስ አነሳና ፈረስ ቼክ ኢንጅን የለውም፣ ዝናብም አያስለውም አለ። ሌላው ፈረስም ጆሮውን ወደኋላ ሲያጥፍ መብራቱ እሱ ነው ብሎ መለሰለት። ከክሩ ሁሉ በጣም የተወደደው ይኼ ነው። በኋላ ስለ ሶኬቱ የጻፍኩት የኔ ምላሽ 4 ላይክ ነው ያገኘው።

ምላሽ 23 ስለ ቤንዚን ነው፣ ከርዕሱ የራቀ ቢመስልም አልራቀም። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን በክረምት ውሃ አያጣውም። ለዓይን ቀላል ነው፤ ጠርሙሱን ትንሽ አቁመህ ተወው፣ ውሃው ከባድ ስለሆነ ሥሩ ይተኛል፣ በመካከላቸው መስመር ይታያል። በሌላ በኩል የሰልቫቲዮው፣ የነዳጅ ጋኑ፣ ክዳን ዙሪያ ውሃ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ፤ እሱ ሲደፈን ዝናቡ ነዳጁ ውስጥ ይገባል። ያኔም ሞተር ያስላል፣ ቢጫውም ሊበራ ይችላል። ግን ፀሐይ ሲወጣ አይሻለውም። የኔ ስለተሻለው ይኼም ከተጠርጣሪዎቹ ወጣ።

ምላሽ 24 የኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መቀመጫውን አነሳሁት። በ10 ቁጥር ቁልፍ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ፣ አያ እንዳዘዙት። ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ሳብኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደረቅ ናቸው። ሦስተኛው ሲወጣ አንድ ጠብታ ውሃ አውራ ጣቴ ላይ አረፈች። ከዘነበበት ሁለት ቀን ሆኖት! ከሶኬቱ የሚወጣውን ሽቦ ተከትዬ ስሄድ ናስትሮ የተጠቀለለበት ቦታ ደረስኩ። ናስትሮው ላልቷል፣ ሙጫው እጅ ላይ ይጣበቃል። ስገልጠው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ ስነካው እንደ ዱቄት ረገፈ። አምና አላርም ሲገጠምልኝ ሽቦውን ልጠው ሁለት ክር ጠምዝዘው፣ በናስትሮ አስረው የተውት ቦታ ነው። ያ ሽቦ ወደ ቦቢናው የሚሄደው ነበር። ውሃው በዚያ ገብቶ በሽቦው ውስጥ ውስጡን እየተሳበ ሶኬቱ ድረስ ወርዷል።

የፊት ጎማውንም አየሁት። ሴንሰሩ ጥግ ላይ ቀይ ጭቃ ደርቆ ጡብ ሆኗል። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽና በውሃ አወጣሁት።

ምላሽ 25 ላይ መምህሩ መጠምዘዝ አይበቃም አለ፤ ሽቦው እስከ ደህናው መዳብ ተቆርጦ ሶልደር ይደረግ፣ በላዩ በሙቀት የሚኮማተረው የፕላስቲክ ቱቦ ይግባበት። ናስትሮ ለቤት ውስጥ ነው። እንደዚያው አሠራሁ። ለወደፊቱ ደግሞ መብራቱ በርቶ እያለ ብልጭታውን እንድቆጥር መከረኝ። በብዙዎቹ የሆንዳ ሞተሮች ረጅሙ ብልጭታ 10፣ አጭሩ 1 ይቆጠራል፤ ድምሩ የቱ ሴንሰር እንደከፋው ይናገራል። የኔ ሆንዳ ስላልሆነ በማንበቢያ መሣሪያ ነው የሚታየው። 

ምላሽ 26 አላርሙን የገጠመውን ሰው ስም ጠየቀኝ። አልሰጠሁም። በርካሽ ይሁን ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። አላርሙ አሁን ተነቅሏል፣ ሞተሩም ሌሊት የሚያድረው ሳሎን ነው። እናቴ በዚህ ደስተኛ አይደለችም።

ምላሽ 27 ገዥው ነው። ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያነብ ኖሯል፣ አንድም ቃል ሳይጽፍ። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ በዝናብ ተመልሼ ላመጣለት እችል እንደሆነ።

ቡሄ ሳይደርስ ሄድኩ። ከቲሊሊ ጀምሮ ዶፍ ወረደብኝ፣ ቢጫው አልበራም፣ ሞተሩም አላሳለም። የሰውየው ደጅ ላይ ግን ጭቃው የኋላ ጎማዬን አሽከረከረውና ኤቢኤሱ በራ። ምንም አላለም። ቁልፉን ራሱ አጠፋው፣ አበራው፣ ተቀምጦበት ግቢውን አንዴ ዞረበት። ጠፋ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ዋጋ ያነሳነው ቶናው ላይ ነው።